በነጭ ዓባይ ላይ ያዩትና ያላዩት
(በሁለት የጉዞ መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት)

በእንግሊዝኛ የንባብ ክፍለ ጊዜ ስለ ባሕር ጉዞ የሚናገር ምንባብ አልፎ አልፎ ያጋጥመናል። ሰዎች በመርከብ ተሳፍረው ለብዙ ቀናት በውቅያኖስ ላይ ይሰነብታሉ፤ ዓሣ ነባሪው ከውኃው ብቅ ሲል፣ ትንፋሹን ወደ ላይ ሲረጭ፣ ጅራቱን አንሥቶ ሲጠልቅ ይመለከታሉ፤ ካዩም በኋላ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ተማሪዎቻችን ዓሣ ነባሪን የሚያውቁት በአብዛኛው ከነቢዩ ዮናስ ታሪክ ነው። ስለሆነም፣ «መምህር፣ እንዲህ ያለ ጉዞ በእኛ አካባቢ አለ ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

ባሕሩን ከተውነው፣ አለ ለማለት ይቻላል። ከጁባ ተነሥቶ በነጭ ዓባይ ላይ ወደ ሰሜን የሚወርድ መንገደኛ ቦርን፣ ሻምቤንና ማላካልን አልፎ ኮስቲ እስኪደርስ ድረስ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ በውኃ ላይ ይጓዛል። በዚህ መሐል ሱድ የሚባለው ታላቅ ረግረግ ይገኛል። ቃሉ በዐረብኛ መዝጊያ፣ ግድብ ማለት ነው። በጣና ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እዚያ ወንዙን ግራና ቀኝ እንደ ግንብ ያጥረዋል፤ ከሥሩ ተነቅሎ የሚንሳፈፈው ሣርና ደንገልም አንዳንዴ መንገዱን ጨርሶ ይዘጋዋል። ጉማሬና አዞ፣ ዝሆንና ጎሽ፣ ለቁጥር የሚያዳግት ወፍ የሚኖረው በዚሁ ረግረግና በዳርቻው ነው።

የሚያስገርመው፣ ዓሣ ነባሪም በስም እዚያ አለ። በሱድ ደንገል ውስጥ ሰዓታት ሙሉ ሳይነቃነቅ ቆሞ ዓሣ የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ግራጫ ወፍ ይኖራል። ሱዳናውያን መንቁሩን አይተው «አቡ መርኩብ» ይሉታል፤ ባለ ጫማው እንደ ማለት ነው። እንግሊዛዊው የወፍ ሊቅ ጆን ጉልድ ግን ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «ባሌኒሴፕስ ሬክስ» አለው፤ ትርጉሙም ባለ ዓሣ ነባሪ ራስ ንጉሥ ማለት ነው። ለጉልድ የወፉን ቆዳ ያመጣለት ማንስፊልድ ፓርኪንስ ነበር፤ ይኸውም በ1840ዎቹ በትግራይ የኖረውና ስለ አቢሲኒያ ኑሮ በ1853 መጽሐፍ ያሳተመው መንገደኛ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ጉዞው አለ፤ ስለ ጉዞውም የተጻፉ መጻሕፍት አሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሁለቱን ነው። አንደኛው ሳሙኤል ቤከር በ1866 ያሳተመው «አልበርት ኒያንዛ» ነው። ሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1910 ያወጣው፣ በአማርኛ «የአፍሪካ የአደን ዱካዎች» ብንለው የሚስማማው መጽሐፍ ነው። ሁለቱም ደራስያን ጎንዶኮሮን ረግጠዋል። ጎንዶኮሮ ከዛሬዋ ጁባ አጠገብ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ የነበረ የመርከብ ማረፊያ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ወንዙ በድንጋይ እየተላተመ ስለሚወርድ ከካርቱም የሚመጣ መርከብ አልፎ መሄድ አይችልም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ጁባ የተቆረቆረችውና ያደገችውም የመርከብ መንገዱ በሚያበቃበት በዚሁ አካባቢ ነው።

አንድ ተማሪ ያነሣው ጥያቄ

አስቀድመን የራሳችንን ጉድለት እንናገር። ከሩዝቬልት መጽሐፍ የአደን ገጾችን እየመረጥን በክፍል ውስጥ የምናነብበት ጊዜ ነበር። የምንመርጣቸውም ምክንያት ግልጽ ነው፤ አረፍተ ነገሩ አጭር፣ ድርጊቱ ፈጣን፣ ተማሪውም ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጠው ስለሆነ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከጋምቤላ ወገን የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ የተመታውስ ተመታ፤ ሌሎቹ ከዚያ በኋላ የት ሄዱ?» ሲል ጠየቀ። መልስ አልነበረንም። መጽሐፉን ብናገላብጠውም መልስ አላገኘንም። ተማሪው ግን ያውቅ ነበር። «ነጭ ጆሮዎቹ በየዓመቱ ወደ እኛ አገር ይመጣሉ» አለን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን የዚያ ተማሪ ጥያቄ ነው።

ቤከር፦ የተሰላቸ ዓይን

ቤከር ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን እንግዳ አይደለም። ወደ ነጭ ዓባይ ከመዞሩ በፊት በ1861 እና በ1862 በአትባራ፣ በሰቲትና በሌሎቹ የዓባይ ገባሮች አካባቢ ሲያድን ቆይቷል፤ ስለዚያም በ1867 ሌላ መጽሐፍ አውጥቷል። በታኅሣሥ 1862 ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር በሦስት ጀልባዎች፣ 96 ያህል ሰዎችን፣ 21 አህዮችን፣ 4 ግመሎችንና 4 ፈረሶችን ይዞ ከካርቱም ተነሣ። ጎንዶኮሮ የደረሰው በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1863 ነው። አርባ ስድስት ቀን መሆኑ ነው።

አርባ ስድስት ቀን ተጉዞ በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ሰፊ ረግረጎች አንዱን ያቋረጠ ሰው ምን አየ? የቤከር ገጾች የሚነግሩን በይበልጥ ትንኙን፣ ሙቀቱን፣ የውኃውን ጠረንና የጉዞውን አሰልቺነት ነው። አብሮት የነበረው ጀርመናዊ ዮሐን ሽሚት በመንገድ ላይ ታሞ ስለሞተበት ሐዘኑም አለበት። ይህን በንቀት አንመለከትም፤ ያ ሰው የሚጽፈው በራሱ ላይ የደረሰውን ነው፤ አጻጻፉም ቀጥተኛ ነው፤ የሚያሳምመውን ያሳምማል።

የመጽሐፉ ዋነኛ ድክመት ሌላ ነው። ቤከር ለእንስሳት ያለው ትኩረት በዳርቻው ለሚኖሩት ሰዎች የለውም። የጉማሬን ራስ አቀማመጥ፣ የዝሆንን ግንባር አጥንት ውፍረት ሲገልጽ ጥንቃቄው የሚደነቅ ነው። ስለ አገሩ ሰዎች ሲጽፍ ግን በአንድ ስፍራ ከውሻ በታች እስከ ማድረግ ይደርሳል። ይህን የምናነሣው ለመሳደብ አይደለም፤ የትዝብቱን ጥራት ስለሚነካ ነው። ወንዙ መቼ እንደሚሞላ፣ አውሬው በየትኛው መሻገሪያ እንደሚያልፍ፣ የቱ ወፍ ዝናብ እንደሚያመለክት የሚያውቁት ባሪዎች፣ ዲንካዎች፣ ኑዌሮችና ሽሉኮች ናቸው። እነርሱን ያልጠየቀ ተመልካች አርባ ስድስት ቀን ቢጓዝ አርባ ስድስት ጊዜ ያንኑ ደንገል ማየቱ አያስደንቅም።

ቤከር ከዚህ ከፍ የሚልበት ስፍራም አለ። ሳአት የሚባል አንድ ልጅ ከካርቱም ጀምሮ አብሯቸው ተጉዞ፣ ረኃቡንና በሽታውን አብሯቸው ተካፍሎ፣ በ1865 ሲመለሱ ካርቱም ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው በጀልባው ላይ በወረርሽኝ ሞተ። ስለ እርሱ የተጻፉት ገጾች ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጡ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለናል፦ ያን ልጅ በስሙ ያውቀዋል።

ሩዝቬልት፦ የሠለጠነ ዓይንና ጠመንጃ

ሩዝቬልት ከቤከር የተለየ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ወፍና እንስሳ ሲያጠና ያደገ፣ ለሳይንስ ፍቅር ያለው ተመልካች ነበር። ከሥልጣን በወረደበት በ1909 ከልጁ ከከርሚት ጋር ምሥራቅ አፍሪካ የገባው ስሚዝሶኒያን ለተባለው ታላቅ የአሜሪካ ቤተ መዘክር ናሙና ለመሰብሰብ ሲሆን፣ ሦስት የተፈጥሮ ሳይንስ ባለሙያዎችም ተከትለውት ነበር። በአሳማ ቆዳ የተለበዱ መጻሕፍት በሣጥን አስጭኖ በየሰፈሩ ያነብ ነበር። በ1910 መጀመሪያ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ላዶ በሚባለው ግዛት ነጭ አውራሪስ አደነ። ከዚያም ከኒሙሌ በእግሩ ተጉዞ ጎንዶኮሮ ገባ፤ የሱዳን ገዥ ባዋሰው «ዳል» በተባለ የእንፋሎት መርከብ ተሳፍሮ እያደነ በመውረድ በማርች 14 ካርቱም ደረሰ።

የዚህን መጽሐፍ ብልጫ መካድ ፍትሕ አይሆንም። ደራሲው ርቀቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የእንስሳውን ቀለምና አረማመድ በትክክል ይመዘግባል። የእንስሳት ቀለም ሁልጊዜ ለመሸሸጊያ ነው የሚለውን የዘመኑን አስተሳሰብ በዓይኑ ካየው ተነሥቶ ይሞግታል። ያየውን ይናገራል፤ ካላመነበትም ይከራከራል። ለሳይንስ መምህር ይህ መልካም ምሳሌ ነው። ጠመንጃ ያዦቹንም በስማቸው ይጠራል፤ በዚህም ከቤከር ይሻላል።

ነገር ግን የእያንዳንዱ ምዕራፍ አወራረድ አንድ ነው፦ እንስሳው ይታያል፣ ይጠናል፣ ይደነቃል፣ ይተኮስበታል፣ ይለካል። ተኩሱ የታሪኩ ማብቂያ ነው። ከተኩስ በኋላ የሚመጣው የቀንዱ ርዝመት ነው። እንግዲህ ተማሪያችን የጠየቀው ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ ስፍራ ሊያገኝ ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የሞተ እንስሳ የትም አይሄድም፤ ሰው ዓይኑን የተከለው በሚወድቀው ላይ ከሆነ የሚያልፈውን አይከተልም።

በመጽሐፉ ውስጥ አባትና ልጅ የገደሏቸው እንስሳት ዝርዝር አለ። ድምሩ 512 ነው፤ 296 የአባት፣ 216 የልጅ። ከእነዚህም 17 አንበሶች፣ 11 ዝሆኖችና 20 አውራሪሶች ይገኛሉ፤ ከአውራሪሶቹ ዘጠኙ ነጭ ናቸው። ያ ባለ ዓሣ ነባሪ ራስ ወፍም ከዝርዝሩ አልቀረም።

ይህን ሲያነብ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈረንጆችን ብቻ ለመውቀስ ቢቸኩል ስሕተት ይሆናል። በእኛም አገር አንበሳና ዝሆን የጣለ ጎበዝ ፎክሯል፣ ተዘፍኖለታል፣ ጠጉሩ ቅቤ ተቀብቷል። ግዳይ የወንድነት ምስክር ነበር። የሩዝቬልት ዝርዝርም በመሠረቱ ፉከራ ነው፤ ልዩነቱ በሠንጠረዥ መቀመጡና ቤተ መዘክር መግባቱ ነው። ፉከራ የወደቀውን ይቆጥራል፤ የቀረውን አይቆጥርም።

«የዘመኑ ሰው ነው» ስለሚለው መልስ

አንዳንድ መምህራን፣ «የመቶ ዓመቱን ሰው በዛሬ ሚዛን መመዘን ተገቢ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም» ይሉን ይሆናል። ሐሳቡ ክብደት አለው። ሩዝቬልት የተኮሰው ለጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ለቤተ መዘክርና ለሥጋ መሆኑን ራሱ ይገልጻል። የሰበሰባቸው ናሙናዎችም ለሳይንስ ጠቅመዋል።

ሆኖም ሌላ መንገድ አልነበረም የሚለው እውነት አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ጌኦርግ ሺሊንግስ በምሥራቅ አፍሪካ በሌሊት በብልጭታ ብርሃን ያነሣቸውን የአውሬ ፎቶግራፎች በመጽሐፍ ያወጣው በ1905 ነው፤ ሩዝቬልት ከመምጣቱ አራት ዓመት አስቀድሞ ማለት ነው። ከዚህም በላይ የሩዝቬልት ልጅ ከርሚት የጉዞው ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ጠመንጃውና ፎቶግራፍ ማንሻው በአንዲት መርከብ ላይ አብረው ተጉዘዋል። ስለዚህ ደራሲውን የምንተቸው በዛሬ ሚዛን ሳይሆን በራሱ መርከብ ላይ በነበረው ሚዛን ነው።

ነጭ አውራሪሱ የገጠመው ዕጣም ይህን ያከብደዋል። በዚያ ዘመን ደቡባዊው ወገን ተመናምኖ ጥቂት ብቻ እንደቀረው የታወቀ ነበር። በነጭ ዓባይ ምዕራብ የሚኖረው ሰሜናዊው ወገን ያን ጊዜ ገና ብዙ ነበር። ያጠፉትም የሩዝቬልት ዘጠኝ ጥይቶች አይደሉም፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተስፋፋው የቀንድ ንግድና ጦርነቱ ናቸው። በ1975 ዓ.ም. ሻምቤ አካባቢ አንድ ወንድ ጥጃ ተይዞ ወደ ቼኮስሎቫኪያ የእንስሳት መጠበቂያ ተወሰደ፤ ስሙም «ሱዳን» ተባለ። በ2009 ወደ ኬንያ ተመለሰ፤ በማርች 19 ቀን 2018 ሞተ። የዚህ ወገን የመጨረሻው ወንድ እርሱ ነበር። የቀሩት ልጁ ናጂንና የልጅ ልጁ ፋቱ ብቻ ናቸው። በሩዝቬልት ዝርዝር ውስጥ «ነጭ አውራሪስ 9» የሚለውን መሥመር ይህን እያወቁ ማንበብ፣ ሳያውቁ ከማንበብ የተለየ ነው።

ከመርከቡ ያልታየው

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። ሌሎቹ የት ሄዱ?

ከመርከብ ወለል ላይ የሚታየው ዳርቻው ነው። ከደንገሉ ግንብ ባሻገር፣ ከወንዙ በስተምሥራቅ፣ እስከ ቦማ ደጋማ ስፍራና እስከ ኢትዮጵያ ወሰን የተዘረጋ ሜዳ አለ። ኮብ የሚባለው ባለ ነጭ ጆሮ እንስሳ፣ የድኩላና የአጋዘን መሰል የሆነው፣ ሣርና ውኃ እየተከተለ በየዓመቱ በዚያ ሜዳ ላይ ይመላለሳል፤ ከፊሉም ወሰኑን ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ ይገባል። ከፍ ብሎ ከአውሮፕላን በተደረገ ቆጠራ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኮቦቹ ከ800,000 በላይ እንደሆኑ ተገመተ። ከ1983 እስከ 2005 በቆየው ጦርነት አልቀዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ በ2007 እንደገና ሲታይ ግን በብዙ መቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ተገኙ። በ2023 የተካሄደውና ውጤቱ በ2024 በጁባ የተገለጸው ቆጠራ ደግሞ ከጁባ ሰሜን ምሥራቅ በባዲንጊሎና በቦማ ፓርኮች፣ በጆንግሌይ ሜዳና በጋምቤላ አካባቢ የሚመላለሱት የአራት ዓይነት እንስሳት ቁጥር ወደ 6 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገመተ። ከእነዚህ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉት ኮቦች ናቸው። በምድር ላይ ከሚታወቁት የየብስ እንስሳት ፍልሰቶች ሁሉ ታላቁ ነው ተብሏል።

ዜናው ሁሉ ግን የምሥራች አይደለም። በአንድ ስፍራ ተወስነው የሚኖሩት፣ እንደ ዝሆንና እንደ ጉማሬ ያሉት፣ በእጅጉ መቀነሳቸውን ያው ቆጠራ አሳይቷል። ለገበያ የሚታደነው የዱር ሥጋም እየበዛ ሄዷል።

እንግዲህ ቤከርና ሩዝቬልት ወደ ጎንዶኮሮ ሲወጡና ሲወርዱ የዚህ ታላቅ ነገር ጠርዝ በአጠገባቸው ነበር። አላዩትም ብለን አንወቅሳቸውም፤ አውሮፕላን አልነበራቸውም። የምንወቅሳቸው ባለመጠየቃቸው ነው። የኑዌርና የአኙዋክ እረኛና ዓሣ አጥማጅ አውሮፕላን ሳይሳፈር መንጋው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ያ የጋምቤላ ተማሪም ከመጽሐፍ አላነበበውም።

ከዓሣ ነባሪው የሚገኝ ትምህርት

በመግቢያችን የጠቀስነው የውቅያኖስ ምንባብ እዚህ ላይ ይረዳናል። የዛሬው ተመልካች በሚጓዝበት ባሕር ላይ ቀድሞ የሚጓዘው ዓሣ ነባሪ አዳኝ ነበር። የአዳኞቹም መዝገብ ከሩዝቬልት ዝርዝር ጋር አንድ ነው፤ ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ የተገኘው ዘይት። በ1982 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም ወሰነ፤ ከ1986 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ሁሉም አገሮች አልታዘዙም። ቢሆንም አንዳንዶቹ ዝርያዎች በብዙ ባሕሮች ውስጥ እንደገና ተበራክተዋል። ሰዎችም በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ፤ አንዱን ዓሣ ነባሪ በጅራቱ ምልክት ለይተው በየዓመቱ የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ይመዘግባሉ። «የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ሊመለስ የቻለው ተመልካቹ እንስሳው እንዲያልፍ በመፍቀዱ ነው።

ለክፍል የሚሆን

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ «እንግዲያው እነዚህን መጻሕፍት ከክፍል እናውጣቸው?» የሚል ካለ፣ መልሳችን አይሆንም ነው። ሁለቱም መነበብ ይገባቸዋል። ነገር ግን በየገጹ ሦስት ጥያቄዎች እየቀረቡ ይነበቡ፦ ጸሐፊው ያየው በምን ሆኖ ነው? ማንን ጠየቀ? ካየ በኋላ የታየው ነገር ምን ሆነ? ተማሪ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከለመደ የጉዞ መጽሐፍን ብቻ ሳይሆን ጋዜጣንም ሆነ የታሪክ መጽሐፍን ማንበብ ይችላል።

የጂኦግራፊ መምህር ከጁባ እስከ ማላካል ያለውን ወንዝ፣ ከቦማም እስከ ጋምቤላ ያለውን ሜዳ በአንድ ካርታ ላይ ያስነሣ፤ የመርከቡ መንገድና የኮቡ መንገድ ተለያይተው መሄዳቸውን ተማሪዎቹ በዓይናቸው ይዩ። የባዮሎጂ መምህር በአቅራቢያ ወዳለ ሐይቅ፣ ወንዝ ወይም ኩሬ ይዟቸው ይውጣና አንድ ሰዓት ተቀምጠው፣ ሳይወረውሩና ሳያባርሩ፣ ያዩትን ይጻፉ። ከዚያም ዓሣ አጥማጁን ወይም እረኛውን ስለ እንስሳው ስምና ልማድ ጠይቀው በጻፉት ላይ ይጨምሩ። ሁለቱን ጽሑፎች፣ ከመጠየቃቸው በፊትና በኋላ ያሉትን፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የትኛውም መምህር በጥቁር ሰሌዳ ከሚሰጠው ማብራሪያ ይበልጣል።

ጁባ ዛሬ የአንዲት ነፃ አገር ዋና ከተማ ናት፤ ብዙ ወገኖቻችንም በንግድና በሆቴል ሥራ ይኖሩባታል። በወንዟ ላይ የሚመላለሱት ጭነትና ሰው የሚያጓጉዙ ጀልባዎች ናቸው። ሰላሙ ከጸና አንድ ቀን የእኛም ተማሪዎች ከዚያ ተሳፍረው ለብዙ ቀናት ይጓዙ ይሆናል። ሻምቤ ሲደርሱ አውራሪስ አያገኙም። ባለ ዓሣ ነባሪ ራሱ ወፍ ግን ምናልባት በደንገሉ መሐል ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ያን ጊዜ ያ የጋምቤላ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ በቃላቸው ይኑር እንላለን።